ምስሏ ቀድሞ የወሰደው መድኃኒት

ሀሴት ወደ ምስል ቤት የተጠራችው ሐሙስ ጠዋት ነበር። የማለዳውን ጉዞ ለሌላ ነጂ መስጠት ትችል ነበር፤ አልሰጠችም። እንደ ወትሮው ጎህ ሲቀድ ጀልባዋን ከታቦር ተራራ ግርጌ አስነሣች። ተሳፋሪዎቿም እንደ ወትሮው ወንበራቸውን በቅጡ ሳይዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሐይቁ ከፍ ካለ ወዲህ በሐዋሳ ወደ ሥራ የሚኬደው በጀልባ ነው። ጀልባዎቹ ድምፅ የላቸውም። የድሮው የሐይቅ ዳር መንገድ ከነወንበሩ ከነዛፉ ከሥር ሰምጧል። ከውሃው በላይ የቀረው የመብራት ምሰሶዎቹ አናት ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ አናት ላይ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ አንገቱን ቀብሮ ይቆማል። ሀሴት በምሰሶዎቹ መካከል በጥንቃቄ እየነዳች ታልፋለች። ብዙ ዓመት በዚህ መስመር ስለነዳች ሰዎቿን የምታውቃቸው በስማቸው ሳይሆን በአስተኛኘታቸው ነው፤ አፏን ከፍታ የምትተኛውን አስተማሪ፣ በእንቅልፉ ሒሳብ የሚያወራውን ነጋዴ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የሚተኙትንና ሲነቁ የማይተዋወቁትን ሁለት የፋብሪካ ሠራተኞች።

ጀልባዋ ገበያው ጋ ትቆማለች፣ ፋብሪካው ጋ ትቆማለች፣ ምስል ቤቱ ጋ ትቆማለች። የመጨረሻው ፌርማታ ማዶ ያለው ማረፊያ ነው። ማረፊያ የሚወርዱ ሰዎች አይተኙም። ትንሽ ሻንጣ ጭናቸው ላይ አድርገው ውሃውን ያያሉ። የማታዋ ጀልባ ይዛቸው አትመለስም። ሀሴት ሁልጊዜ ከመንጃዋ ተነሥታ እጃቸውን ይዛ ታወርዳቸዋለች፤ «በርቱ» ትላቸዋለች፤ እነሱም «እግዜር ይስጥልን» ይሏታል።

የዚያን ዕለት ማንም ማረፊያ አልወረደም። በመልስ ጉዞ ላይ ጀልባዋን ለተተኪው ነጂ አስረከበችና ምስል ቤቱ ፌርማታ ላይ ወረደች። ባሏ ናኦልና ልጇ አስካለ ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ናኦል በከተማው ጣሪያዎች ላይ ንብ ያረባል፤ የትም ቢሄድ ሰም ሰም ይሸታል። አስካለ ሕፃናትን ዋና ታስተምራለች፤ ፀጉሯ ደርቆ አያውቅም። ስሟን ያወጣላት ናኦል ነው፤ በዚያ ዘመን የቅድመ አያት ስም ለልጅ ማውጣት ፋሽን ሆኖ ነበር።

«ፈራሽ እንዴ እማ?» አለች አስካለ።

«ራበኝ» አለች ሀሴት።

በከተማው መድኃኒት ቀድሞ የሚሰጠው ለሰው መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ቀድሞ የሚወስደው ምስሉ ነው። ሰውየው ማሽኑ ውስጥ ይተኛል፤ ማሽኑ ሥጋውን፣ አጥንቱን፣ የደሙን አካሄድ፣ የዕጢውን ጥቅጥቅነት አንብቦ ሌላ እሱን ይሠራል። ከዚያ መድኃኒቱ ለዚያኛው ይሰጣል። ስድስት ወር የሚፈጀው ሕክምና ግድግዳ ላይ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ቤተሰብ ተጠርቶ ያያል። አንዳንዱ የክት ልብሱን ለብሶ ይመጣል። ቆሎ ይዞ የሚመጣም አለ።

ሀሴት በግራ ጡቷ ያለውን ዕጢ ያገኘችው ራሷ ናት፤ ስታገኘው ግን ሥር ሰዶ ከደረቷ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነበር። መድኃኒቱ ካላሳነሰው በቀር ቢላ አይነካውም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ያለው በምስሉ ላይ ነው።

ክፍሉ ጨለመ። ዶክተር ናሆም፣ ጢማቸው የነጣ ጸጥተኛ ሰው፣ ከወንበሯ አጠገብ ጎንበስ አሉ።

«እትዬ ሀሴት፣ ከከበደዎት ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«ጀልባ ነጂ ዓይኗን አትጨፍንም» አለች።

ግድግዳው ላይ አንዲት ሴት ተንጋላ ታየች። ፊት የላትም። አጥንቷ እንደ ወተት፣ ደሟ እንደ ቀይ ክር ነው። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ሀሴት ሳታስበው ትንፋሿን ከዚያችኛዋ ትንፋሽ ጋር እያስተካከለች መሆኑን አወቀች። በምስሏ ጡት ውስጥ አንድ ግራጫ ነገር ተቀምጧል፤ ቅንጣት ያህል እንኳ አይንቀሳቀስም፤ ክሮቹ ሁሉ ወደ እሱ ያዘነብላሉ።

መድኃኒቱ ሰማያዊ ሆኖ ከክንዷ በኩል ገባ። ቀስ ብሎ በትከሻዋ ወጣ፣ በአንገቷ ዞረ፣ ልቧ ውስጥ ገብቶ ተረጨ። ጉበቷ ሰማያዊ ሆነ። ጣቶቿ ሰማያዊ ሆኑ። ወራቱ ሲያልፉ ሴትዮዋ ከሳች፤ አጥንቷ ጎልቶ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የናኦል ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሰማያዊው ግራጫው ዘንድ ሲደርስ፣ ወንዝ ድንጋይ ሲያጋጥመው እንደሚሆነው፣ ለሁለት ተከፍሎ ዙሪያውን አለፈ። ደግሞ መጣ፤ ደግሞ አለፈ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ሆነ።

መብራት በራ።

«ዝም ብሏል» አሉ ዶክተር ናሆም።

ቃሉን የማያውቅ የለም። መድኃኒቱን የሚቀበል ዕጢ መላሽ ይባላል፤ የማይቀበለው ዝምተኛ። ስሙ ከዕጢው ወደ ባለቤቱ ከተዛወረም ቆይቷል። ገበያ ላይ «የእገሌ ሚስት ዝምተኛ ሆነች» ይባላል፤ ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ የማያደርግ ሰው የለም። ለዝምተኛ መድኃኒቱ አይሰጥም። ሥቃይ በከንቱ ነውና። ይልቅ ማረፊያ ክፍል ይዘጋጅለታል፤ መስኮቱ በውሃው በኩል ነው፤ ሕመም እንዳይሰማው ይደረጋል። ምስሉ የሀሴትን ቀሪ ጊዜም አሳየ። ክረምቱን አልፋ መስቀልን ታይ ይሆናል። አብዛኛው ያለ ሕመም ነው።

በጀልባ ወደ ቤት ተመለሱ። ገና በሩ ሳይዘጋ አስካለ «እና? በቃ?» ብላ ጮኸች። «ግድግዳ ላይ ሥዕል አይተን በቃ?»

«ሕመም የለውም ብለዋል» አለ ናኦል ቀስ ብሎ።

«አባ፣ እሷ'ኮ እዚህ ቆማለች!»

ሀሴት እራት አቀረበች። ሦስቱም በሉ። ዝናብ ጣሪያው ላይ መጣ፤ ሄደ።

በማግስቱ ጀልባዋን ነዳች። ማረፊያ የሚወርድ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። እጁን ይዛ አወረደችው። «በርቱ» ልትል አፏን ስትከፍት ቃሉ አልወጣም። ሽማግሌው ጠበቃትና ራሱ «በርቺ ልጄ» ብሏት ደረጃውን ወጣ። ሀሴት ጀልባዋን ወዲያው አላስነሣችም። መዳፏ ላይ የእጁ ሙቀት ነበረ። በዚህ እጅ ስንቱን እንዳወረደች አሰበች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዶክተር ናሆም ዘንድ ሄደች። ክፍላቸው ከውሃው ጋር እኩል ስለሆነ ዳክዬዎች በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ የሚመለከቱ ይመስላሉ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ምስሉ ተሳስቶ ያውቃል?»

«አልፎ አልፎ። ይመልሳል ብሎን እንሰጣለን፤ ዕጢው ዝም ይላል። እናያለን፣ እናርመዋለን። እሱም ይማራል።»

«ዝምተኛ ነው ካለ በኋላስ?»

«ዝምተኛ ካለ አንሰጥም።»

«እሱማ ገብቶኛል። ተሳስቶ ያውቃል ወይ ነው ያልኩዎት።»

ዶክተሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ካልሰጠን በምን እናውቃለን?» አሉ።

ከዚያ እንደ ድሮ ሰው ማውራት ጀመሩ።

«እኔ ወጣት ሐኪም ሳለሁ መድኃኒቱን ለሁሉም ነበር የምንሰጠው፤ በጭፍን። ስንቱ በከንቱ ተሠቃየ! አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች፤ ስድስት ወር ሙሉ ስታስመልስ ከርማ ዕጢው እንዳለ ተገኘ። እግሬ ሥር ቁጭ ብላ 'ምነው ቀድማችሁ ባወቃችሁ ኖሮ' አለችኝ። ምስሉ ሲመጣ አልቅሼ ነው የተቀበልኩት። መጀመሪያ ፈትነነዋል፤ እውነቱን ነበር። ግን ያ ሲሆን እኔ ጥቁር ጢም ነበረኝ። መድኃኒቱ ተለውጧል፤ የምንበላው ተለውጧል፤ ሰውም ተለውጧል። ማሽኑ ከተፈቀደላቸው ሰዎች እየተማረ ኖሯል። ከተከለከሉት ግን ምንም አልተማረም፤ ማዶ ነው የላክናቸው።»

«የሚከለክል ሕግ አለ?»

«ኧረ የለም። ማሽኑን ለማስተማር ሲባል፣ ሰውየው ከጠየቀ ይፈቀዳል። የጠየቀ የለም እንጂ። ሕመም የሌለበት ጊዜውን ትቶ ሕመም የሚመርጥ ማን አለ?»

ሀሴት ነጠላዋን አስተካከለች።

«አስቤበት እመለሳለሁ» አለች።

ናኦልን ያገኘችው ጣሪያ ላይ ነው፤ ቀፎውን ከፍቶ ንቦቹ ፊቱ ላይ ይሄዱበታል። ነገረችው። ሳይነሣ፣ ሳያያት ሰማት።

«ያ ጊዜ ያንቺ ብቻ ነው እንዴ?» አለ በመጨረሻ። «ክረምቱን ሁሉ አብሬሽ ልቀመጥ ነበር። ሥራ ልተው ነበር። ከእኔ ላይ'ኮ ነው የምትወስጂው።»

«አውቃለሁ።»

«ምስሉ ልክ ቢሆንስ? ተሠቃይተሽ ብቻ ብትቀሪስ?»

«ልክ ሊሆን ይችላል» አለች። «ናኦልዬ፣ ማረፊያ ያወረድኳቸውን ሰዎች አስብ። በአስተኛኘታቸው አላውቃቸውም፤ ስላልተኙ። ከእነሱ አንዱ መላሽ ከነበረስ? እኔ ይህን እያሰብኩ መስኮት ዳር ቁጭ ብዬ ውሃ ሳይ እንድከርም ነው የምትፈልገው?»

ናኦል ቀፎውን ከደነ። ንቦቹን ከፊቱ ላይ አንድ በአንድ በጣቱ አነሣቸው። ሀሴት ተመልሳ መድኃኒቱን ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። በሕክምናው ቀን ጠዋት ናኦል ከእሷ ቀድሞ ለብሶ ቆመ፤ በብብቱ የአልጋቸውን ትራስ ይዟል። «የሆስፒታል ትራስ ይጎረብጥሻል» አላት።

መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ እንዳየችው ሰማያዊ አልነበረም። ውሃ ይመስላል። ክንዷ ቀዘቀዘ፤ ከዚያ ምንም።

የሕመሙ ጊዜ እንደ አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ሆኖ አለፈ። ሀሴት ትተኛለች፤ ትነቃለች፤ ፀሐይዋ ያው ቦታ ናት። እንቅልፍ ውስጥ ጀልባዋን ከውሃው በታች ትነዳለች። የሰመጠው መንገድ ላይ መብራቶቹ ሁሉ በርተዋል፤ ዓሣዎች በመብራቱ ዙሪያ እንደ እሳት እራት ይዞራሉ፤ በድሮዎቹ ወንበሮች ላይ ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ፤ ሲያዩዋት እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ስትነቃ አስካለ ሳፋ ይዛ አጠገቧ አለች። ምግብ ሁሉ ብረት ብረት ይላታል። የናኦል ማር ሳይቀር ብረት ብረት አላት፤ እሱ ሲያያት ግን ማንኪያውን ልሳ «ጣፋጭ ነው» ትለዋለች። እሱም እያወቀ «ከታቦር አበባ ነው» ይላታል።

ፀጉሯ መርገፍ ሲጀምር አስካለ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጣ ላጨቻት።

«ትንሽ ራስ ነው ያለሽ እማ። አላውቅም ነበር።»

«እኔም አላውቅም ነበር» አለች ሀሴት። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ቆመ፤ አስካለ ግንባሯን በእናቷ የተላጨ ራስ ላይ አሳርፋ እንደዚያው ቆየች።

ሁለተኛው ዙር ካለቀ በኋላ እንደገና ማሽኑ ውስጥ ተኛች። በቀጠሮው ቀን ሦስቱም ያ ጨለማ ክፍል ገቡ። አሁን ግድግዳው ላይ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ምስሏና እሷ። ሰማያዊው በሁለቱም ክንድ ገባ። በሁለቱም ትከሻ ወጣ። በሁለቱም ግራጫው ዘንድ ደረሰ። በሁለቱም ለሁለት ተከፍሎ ዙሪያውን አለፈ።

«ምስሉ ልክ ነበር» አሉ ዶክተር ናሆም። ድምፃቸው ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነው።

አስካለ ተነሥታ ወጣች። ናኦል የሚስቱን እጅ ይዞ ግድግዳውን ማየት አላቆመም።

«እንግዲህ አሁን አወቅን» አለች ሀሴት።

መድኃኒቱ ቆመ። ማረፊያ ክፍል ሊሰጧት ፈለጉ፤ ቤቴ ይሻለኛል አለች። ናኦል ቀፎዎቹን ለጎረቤት ሰጥቶ ቤት ዋለ። የቀራት ጊዜ ምስሉ ካሳያት አጥሯል፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

ወሬ በጀልባ ይሄዳል። ሰው እንደ ነቃ መጀመሪያ የሚያወራው እዚያ ነው። አንዲት ዝምተኛ መድኃኒቱን ጠይቃ ወሰደች፤ ሰጧት፤ አልዳነችም፤ ወሬው ይኸው ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በር ተንኳኳ። ገበያ ውስጥ ፀጉር የምትሠራ እልፍነሽ የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ ሕፃን አዝላለች።

«እርስዎ ነዎት ዝምተኛ ሆነው የወሰዱት?»

«እኔ ነኝ። ግቢ፣ ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። «እኔም ዝምተኛ ነሽ ተባልኩ» አለች። «ምን ይመስላል? እውነቱን ይንገሩኝ።»

ሀሴት ነገረቻት፤ ማስመለሱን፣ ብረቱን፣ ክንድ ውስጥ የሚገባውን ብርድ፣ የጥፍር መጥቆርን። አላሳመረችውም።

«ምስሉ ግን ልክ ነበር አሉ።»

«ለእኔ ልክ ነበር።»

እልፍነሽ «ለእኔ» የሚለውን ቃል ልብ አለችው። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈችው።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ይህን አልነግርሽም። ቀኖቹ የዚህም ልጅ ናቸው። ከወሰድሽው ግን፣ ሲብስብሽ ነይ። እኔ እዚህ ነኝ።»

መጣች። ሌሎችም መጡ። አንዷ የጀልባ መካኒክ ናት፤ አንዷ መነኩሴ ናት፤ አንዷ ስሟን ሳትናገር መጥታ ስሟን ሳትናገር ሄደች። የሀሴት ሳሎን ውስጥ እግራቸውን ዘርግተው ተደግፈው ይተኛሉ፤ መጋረጃው ይነፍሳል፤ ናኦል ሳፋ ያመላልሳል። ከሕክምናው በኋላ መጀመሪያ በማሽኑ የታየችው መካኒኳ ነበረች፤ ዕጢዋ ዝም አለ። ቀጥላ መነኩሴዋ፤ ዝም አለ። ዶክተር ናሆም እንቅልፍ እንደማይተኙ ፊታቸው ያስታውቃል።

እልፍነሽ የምትታይበት ቀን ሲደርስ ሀሴት መቆም አትችልም ነበር። አስካለ ከጀልባው አቅፋ አውርዳ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠቻት። ጨለመ። ሁለት ወጣት ሴቶች ግድግዳው ላይ ተንጋለሉ። ሰማያዊው መጣ። በምስሉ በኩል ድንጋዩን ዞሮ አለፈ። በእልፍነሽ በኩል ግን ግራጫው ጠርዝ ላይ ቆመ፤ የሚያመነታ ይመስል ነበር። ከዚያ ገባ። ዝናብ ደረቅ መሬት ውስጥ እንደሚሰርገው ሰረገ፤ ግራጫው ከዳር ጀምሮ እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ ከሥሩ የጎድን አጥንቷ እንደ ወተት እስኪታይ ድረስ።

ዶክተር ናሆም ግድግዳውን በጀርባቸው ተደግፈው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ምንድን ነው?» አለች እልፍነሽ። «ምን ሆነ? ንገሩኝ እንጂ!»

ሀሴት በጨለማው ውስጥ የልጅቷን ክንድ ፈልጋ ያዘች።

«መለሰ» አለቻት። «እልፍነሽ፣ መለሰልሽ።»

ከዚያ ወዲህ በከተማው ዝምተኛ የተባለ ሰው ሁሉ ማዶ ከመሄዱ በፊት ይጠየቃል። ብዙዎቹ ማረፊያውን ይመርጣሉ፤ ማንም አይወቅሳቸውም። ማሽኑም መማር ጀምሯል፤ «ዝም ይላል» በሚልበት ቦታ አንዳንዴ «አላውቅም» ይላል።

ሀሴት ያረፈችው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ናኦል አጠገቧ ነበር። በቀብሯ ቀን ዝናቡ ለጥቂት ሰዓት ተወ፤ ከሐይቁ ጉም ተነሥቶ በመቃብሮቹ መካከል ይሄድ ነበር። ዘመድ ከፊት ቆመ፤ ጀልባ ነጂዎች ቀጥለው፤ ዕድርተኛው ከዚያ። ከሁሉም ኋላ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው የተከናነቡ ሴቶች ቆመዋል። ከነጠላው ሥር ፀጉር እንደሌለ ያስታውቃል።

የዕድሩ ሰብሳቢ ወደ አስካለ ጠጋ አሉ። «እነዚያ የማን ወገን ናቸው?»

አስካለ ዞር ብላ አየች። ግማሾቹን አታውቃቸውም።

«የእማ» አለች።

ናኦል ይህን ሰማ። ከሬሳው አጠገብ ተነሥቶ በሕዝቡ መካከል አለፈ፤ ሰው መንገድ ለቀቀለት። ሴቶቹ ዘንድ ሲደርስ «ምነው ከኋላ?» አላቸው። «ኑ እንጂ። ቦታችሁ ከእኛ ጋር ነው።»

ተያዩ። ከዚያ እየተደጋገፉ ጉሙ ውስጥ ተከተሉት። ከመካከላቸው የትኛዋ መላሽ፣ የትኛዋ ዝምተኛ እንደሆነች ከአረማመዳቸው የሚለይ ሰው አልነበረም።